ለመኪና ቋንቋ ያስተማሩ መምህርት
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዕውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ተቈልፎ በቀረ ጊዜ ጥቅሙም ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው በሚረዳው ቋንቋ በተገለጠ ጊዜ ግን አገር ያለማል። ይህ ነገር ፊደል ለሚያስቈጥር ሰው አዲስ አይደለም። ዛሬ የሚነገረው ታሪክ ይህንኑ እውነት በኮምፒውተር ሥራ ውስጥ የገለጡት የአሜሪካዊቱ ሊቅ የወይዘሮ ግሬስ ሆፐር ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ግሬስ በ1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አንዱን ከሌላው በኋላ ፈቱአቸው። እናታቸውም ይህን ባወቁ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ወሰኑላቸው እንጂ ምርመራውን ፈጽመው አልከለከሉም። የልጅን ጥያቄ በመጠን መያዝና ጥያቄውን ማጥፋት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከዚህም በኋላ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ ተምረው በ1928 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1931 ዓ.ም. በቫሳር ማስተማር ጀምረው ነበር። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ድርሰት ያስጽፉአቸው ነበር። ተማሪዎቹም ይህ የሒሳብ ትምህርት እንጂ የቋንቋ ትምህርት አይደለም ብለው ባጕረመረሙ ጊዜ፥ ያወቁትን ለሌላ ሰው መግለጥ ካልቻሉ ሒሳብ መማራቸው ምንም እንደማይረባቸው መለሱላቸው። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ መልስ የወጣ ይመስላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሆነ ጊዜ በ1943 ዓ.ም. ወደ ባሕር ኃይል ገቡ። ክብደታቸው ለወታደር ከተወሰነው ልክ ያነሰ ስለ ነበረ የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። በ1944 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ማርክ አንድ ወደሚባለው የሒሳብ መኪና ተላኩ፤ አለቃቸውም ፕሮፌሰር ሃዋርድ ኤከን ነበሩ። ይህች መኪና ርዝመቷ ከ15 ሜትር የሚበልጥ፥ ክብደቷ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ሆና ሳለ በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ብቻ ትደምር ነበር። ትእዛዟንም የምትቀበለው ቀዳዳ ከተበሳበት ከወረቀት ጥቅል ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እርሳቸው ግን ከጠመጠሙም በኋላ እንደ ጀማሪ ተቀምጠው ይህን አዲስ ነገር ተማሩ። የተማሩትንም ለራሳቸው አላስቀሩም፤ በ1946 ዓ.ም. የታተመውን ከ500 ገጽ የሚበልጠውን የመኪናዪቱን መምሪያ መጽሐፍ ጻፉ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቫሳር ኮሌጅ ተመልሰው እንዲያስተምሩ ጠራቸው፤ እርሳቸው ግን እስከ 1949 ዓ.ም. በሃርቫርድ በምርምር ሥራ ቈዩ። በዚያም ዓመት የተረጋጋውን የኮሌጅ ኑሮ ትተው፥ ዩኒቫክ የሚባለውን ኮምፒውተር ለመሥራት ይደክም ወደ ነበረው በፊላደልፊያ ወደሚገኘው ወደ ኤከርትና ሞክሊ ኩባንያ ሄዱ። ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት በላይ ሲሆን ኩባንያው ገና ጨቅላ ነበር፤ በሚከተለውም ዓመት ሬሚንግተን ራንድ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው።

በዚያ ዘመን ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ብዙ ይደክም ነበር። ትእዛዙ ሁሉ በምልክትና በቍጥር የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ የተሠራውን ስሌት በሌላ ሥራ ላይ ለመጠቀም ሲፈልግ ከደብተር እየገለበጠ፥ በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጥበትንም ቍጥር እየደመረ ያስተካክለው ነበር። ብራና የሚገለብጥ ጸሓፊ አንድ ፊደል ሲስት የቃሉ ምሥጢር እንደሚጠፋ፥ እንዲሁ በዚህ ሥራ አንዲት ቍጥር ስትሳሳት ሥራው ሁሉ ይበላሽ ነበር። ወይዘሮ ግሬስም መገልበጥና መደመር የመኪና ሥራ ከሆነ ስለ ምን ሰው ይደክምበታል ብለው አሰቡ። ለእያንዳንዱ የተፈተነ ስሌት መጥሪያ ምልክት ሰጥተው፥ መኪናዪቱ ራሷ በምልክቱ እየፈለገች እንድታሰባስብና እንድታስተካክል አደረጉ። ይህንም ኮምፓይለር አሉት፤ አሰባሳቢ ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ዛሬ በዚህ ስም ከሚጠራው ያነሰ ቢሆንም መንገዱን ከፍቷል። በ1952 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ለሊቃውንት ጉባኤ ያቀረቡትን ጽሑፍ «የኮምፒውተር ትምህርት» ብለው ሰየሙት። ብዙዎች ግን መኪና ሒሳብ ከመሥራት በቀር ትእዛዝ ልታዘጋጅ አትችልም እያሉ አላመኑአቸውም።

እርሳቸውም በዚህ አልቆሙም። የሒሳብ ምልክት ለሒሳብ ሊቅ ይመቸዋል፤ የንግድ መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን ሥራውን በተራ ቃል መግለጥ ይሻለዋል ብለው፥ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዘውን ፍሎው ማቲክ የሚባለውን ቋንቋ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሠሩ። ለአለቆቻቸው ባሳዩ ጊዜ ያንኑ ትእዛዝ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም ደግመው አቀረቡት። አለቆቹ በፊላደልፊያ የተሠራች መኪና የባዕድ ቋንቋ እንዴት ትሰማለች ብለው ደነገጡ፤ ስለዚህም ሥራው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ይሁን እንጂ ለመኪና ቃል ሁሉ ምልክት ነው፤ አንዱ ቋንቋ ከሌላው አይበልጥባትም። ልዩነቱን የሚያመጣው የባለ ቋንቋው ትጋት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ መግባቱ ለዚህ ምስክር ነው።

በ1959 ዓ.ም. ከመንግሥትና ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የተውጣጡ ሰዎች ተሰብስበው፥ ኮምፒውተር ሁሉ የሚቀበለውን አንድ የንግድ ቋንቋ ለመሥራት መከሩ፤ ይህም ኮቦል ተባለ። ወይዘሮ ግሬስ ከአማካሪዎቹ አንዲቱ ነበሩ። ሥራው የብዙ ሰዎች ድካም ቢሆንም አብዛኛው መሠረቱ ፍሎው ማቲክ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ከባሕር ኃይል በጡረታ ቢሰናበቱም፥ በ1967 ዓ.ም. ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተመልሰው ተጠሩ፤ ያ ስድስት ወር ግን ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ። ሪር አድሚራል ሆነው በ1986 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሰናበቱም አላረፉም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ድረስ፥ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለሚባለው ኩባንያ አማካሪ ሆኑ።

በየጉባኤው ሲያስተምሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ለሰሚዎቹ ያድሉ ነበር። ብርሃን በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል የሚሄደው መንገድ ይህን ያህል ነውና፥ ዐይን የማያየውን ነገር እጅ እንዲጨብጠው አደረጉ። ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ያለው የገጠር መምህርም ከገመድና ከጠጠር እንዲሁ ያለ ማስተማሪያ ሊያወጣ ይችላል።

በመጨረሻ ዘመናቸው ከሥራዎ ሁሉ የሚያኰራዎ የቱ ነው ተብለው ሲጠየቁ፥ ኮምፓይለሩን ወይም ማዕርጋቸውን አላስቀደሙም፤ ያስተማሩአቸውን ወጣቶች አስቀደሙ እንጂ። ከኮሌጅ ወደ ጦር ሠራዊት፥ ከሠራዊት ወደ ኩባንያ ቢዘዋወሩም ሥራቸው አንድ ነበረ፤ እርሱም ያወቁትን ሌላው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። መምህር ሆይ፥ ዛሬ ከተማሪዎችህ መካከል ሰዓት የሚፈታ ልጅ ቢገኝ፥ አንድ ሰዓት ተውለት።