ውኃው ከእኛ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የጂኦግራፊ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ውኃ አከፋፈል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችንን እናቀርባለን። ነገሩ ለበዓል የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሐራ ተቀምጦ ስለ ውኃ የማያስብ ሰው ማን ነው? ክረምት ሲገባ ጎርፉ ማሳ ይዞ ይሄዳል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እናቶቻችን ጄሪካን ይዘው ይሰለፋሉ።

የሀብሩን ወረዳ በሰሜን ዓላ ውኃ፣ በደቡብ ሚሌ ያዋስኑታል። ሁለቱም ከምዕራብ ተራሮች ወርደው ወደ አፋር ምድር ይገባሉ፤ ሚሌም በመጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ውኃ የሚሰበስብበትም አገር 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዋሽ ከተማ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የሩቅ እንግዳ መስሎን ነበር፤ ለካስ የአካባቢያችን ውኃ ከጥንት ጀምሮ ወደዚያው ወንዝ ሲወርድ ኖሯል!

ባለፈው በጋ አንድ የመስኖ ቦይ ከራስጌው እስከ ግርጌው በእግራችን ተከትለን ነበር። በራስጌው ሽንኩርቱ ለምልሞ፣ የተረፈው ውኃ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። በግርጌው ግን በቆሎው እሸት ሳይዝ ደርቋል። እዚያ ያገኘናቸው አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ስትመጡ ውኃውን የት ተለያችሁት?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። የውኃ አባቱ ተራ ያወጣሉ፤ ተራ የጣሰም ይቀጣል። ዳሩ ግን አሁን ፓምፕ የገዛ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ከወንዙ ይስባል፤ የሞተሩን ድምፅ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይናገርም።

አዋሽም ይኸው ቦይ ነው፤ ልዩነቱ ርዝመቱ ብቻ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመርቆ የኤሌክትሪክ ኀይል ሰጠ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያም በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ጥጡ አገር ጠቅሟል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን እርሻው የተከፈተበት የወንዝ ዳር የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ሣር ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በወረደ ጊዜ ያ ሣር ለከብቱ አልተገኘም። መሐንዲሶቹ የውኃውን መጠን በሚገባ ለክተዋል፤ በግርጌ ያለውን ሰው ግን የቆጠረው አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለ ሥልጣናት እንዲቋቋሙ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ አቋም ደጋግሞ ተለዋውጧል። እኛን የሚያሳስበን ስሙ አይደለም፤ ቦዩን ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚከተል የውኃ አባት መኖሩ ነው። ውኃ ሲያንስ ብቻም አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ ብዙ የአፋር ቤተሰብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ከደጋው የሚታጠበው አፈርም የቆቃን ሐይቅ ትልቅ ክፍል ሞልቶታል። ወላጆቻችን በተራራው ላይ የሚሠሩት እርከን እንግዲህ ለራሳቸው ማሳ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች፣ ከአካባቢያችን የወጣ ውኃ በከንቱ ፈሰሰ ይላሉ። ይህን አንቀበልም፤ ያን ውኃ የሚጠብቅ ሰውና ከብት ከታች አለና። ከላያችን ያሉትን ስንወቅስ ከታች ያሉት እኛን እንደሚወቅሱ እንረሳለን። እነዚያ አዛውንት እንኳ፣ ከእርሳቸው ማሳ በታች ማን እንዳለ ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «አለ እንጂ» አሉን።

በመጪው በጋ ቦዩን እንደገና እንከተላለን፤ ያን ጊዜ ግን ከግርጌ ወደ ራስጌ ነው። ከወላጆቻችን መካከል የውኃ አባት የሆናችሁ ካላችሁ፣ ተራው እንዴት እንደሚወጣ እንድታሳዩን፣ መዝገብ ካለም እንድናየው እንድትፈቅዱልን በአክብሮት እንለምናለን።