ሚዛኑን እግር አይረሳም፤ ልብ ግን ይረሳል

(በመካነ ሰላም ለልማት ሠራተኞች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ እንዲህ ላለ ጉባኤ የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ስለ ብስክሌት ነው። ለይተን ስንናገር፣ በልጅነቱ ብስክሌት ነድቶ፣ ሥራና ትዳር ሲመጣ ትቶት፣ ከዐርባ ዓመት በኋላ ስለ ጤናው ሲል ወደ ብስክሌት ስለሚመለስ ሰው ነው። ነገሩ ግን የጨዋታ አይደለም፤ እያንዳንዳችን በቤታችንና በአገልግሎታችን በጤና የምንቆይበትን ዘመን የሚመለከት ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ስለ አካል እንቅስቃሴ የእኛ ምክር አያስፈልገውም። ከቦረናም ሆነ ከከላላ፣ ከወግዲም ሆነ ከሳይንት ገጠር ለገበያ የሚወጣ ሰው ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሸክሙን ተሸክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ችግሩ ያለው እኛ ደመወዝተኞቹ ዘንድ ነው። ጠዋት ወንበር፣ ቀን መኪና፣ ማታ እንደገና ወንበር ሆኗል ኑሯችን። የጎለበተ ምንጭ ለመጎብኘት ወይም የችግኝ ጣቢያ ለማየት ስንወጣ እንኳ መኪናው እስከ አፋፉ ያደርሰናል። ሆዳችን ሲገፋ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ «ተመችቶሃል» ይለናል፤ እኛም እንደ ምርቃት እንቀበለዋለን።

ይህ መመቸት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። የደም ግፊት ክፋቱ ለዓመታት ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር መጉዳቱ ነው። ከመካከላችን ግፊት እንዳለበት ያወቀው ከወደቀ በኋላ የሆነ ባልደረባ አለ። የስኳር ሕመሟን ያወቀችው የእግሯ ቁስል አልድን ብሏት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የሆነች እኅት አለች። እነዚህ ወገኖች ሰነፎች አልነበሩም፤ ከሁላችን ቀድመው ቢሮ የሚገቡ፣ ከሁላችን ዘግይተው የሚወጡ ትጉሃን ነበሩ። ትጋታቸው ግን ሁሉ በወንበር ላይ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ ለአምስት ቀናት ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ይህን በእግር ጉዞ መፈጸም ይቻላል፤ ብስክሌት ያልለመደ ሰው እግሩን ቢጠቀም ምንም አይጎድልበትም። ብስክሌት ግን ለጎልማሳ ሰው አንድ ልዩ ጥቅም አለው። የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወይም ክብደቱ የጨመረ ሰው እንደ ሩጫ ሳይጎዳ ልቡንና ሳንባውን ሊያሠራ ይችላል። በዚያ ላይ ከቤት ወደ ሥራ ስለሚያደርስ፣ «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ምክንያታችንን ያሳጥረዋል።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿንም ልካ ነበር፤ እነ ገረመው ደንቦባ የነበሩበት ቡድንም በጎዳና ውድድር ዘጠነኛ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ከእኛ መካከል በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ሳንቲም አጠራቅሞ በኪራይ ብስክሌት ያልተማረ ስንት አለ? ብስክሌቱን ያቆምነው ስለጠላነው አይደለም፤ አድገናል ብለን ነው።

እንግዲህ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ዋናውን ነገር እንናገር። ብስክሌት መንዳት አይረሳም ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ አንድ ጊዜ ከተለማመድነው በአንጎላችን፣ በተለይም ከኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ቢያልፍም ጥቂት ሜትር ተንገዳግደን ወዲያው እንይዘዋለን። ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ ግን እንዲህ አይደሉም። እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው አካሉ ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ በየዐሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የ45 ዓመት ሰው ኮርቻ ላይ ሲወጣ ሁለት ሰዎች በአንድ አካል ይገናኛሉ፤ እግሩ የ15 ዓመቱን ፍጥነት ያስታውሳል፣ ልቡ ግን የ45 ዓመት ልብ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ስለሚፈራ ይጠነቀቃል፤ ተመላሽ ግን እንደሚችል ስለሚያውቅ አይጠነቀቅም።

የምንኖርበት ምድርም ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚሰጠን ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ ለምዶታል፤ ከቆላ ወይም ከሩቅ ቆይቶ የመጣ ግን ለጥቂት ሳምንታት ቀስ ማለት አለበት። ከተማችን በአምባው ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ለጀማሪ የሚሆን ደልዳላ መንገድ አላት። ከአምባው ጠርዝ አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ይግላል፣ ይለሰልሳልም፤ የወረዱትንም ሁሉ መልሶ መውጣት አለ። ስለዚህ ለጤናው የሚነዳ ሰው ሜዳውን ይምረጥ፤ ገደሉን ለመኪና ይተው።

አጀማመሩን እንደሚከተለው እንመክራለን። በመጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን መለካት ይገባል። ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘ፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያስጨንቀው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ቀጥሎ ብስክሌቱን ማየት ነው፤ ሁለቱም ፍሬኖች ይያዙ፣ ጎማው ይሞላ፣ ሰንሰለቱ ዘይት ይቀባ። የኮርቻው ከፍታ ልክ የሚሆነው ተረከዛችንን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስናሳርፍ እግራችን ሲዘረጋ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ያሳምማል፤ ብዙ ሰውም ብስክሌቱን የሚተወው በዚህ ሳቢያ ነው። የራስ መከላከያ ቆብም አይረሳ።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። ቀስ በቀስ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመርን በሦስት ወር ገደማ 150 ደቂቃ እንደርሳለን። የፍጥነቱ ልክ በመሣሪያ አይለካም፤ እየነዳን ከጎናችን ካለው ሰው ጋር መነጋገር ከቻልን ልኩ ነው፣ መነጋገር ካቃተን በዝቷል፣ መዝሙር ማዜም ከቻልን ደግሞ ትንሽ እንጨምር። ከመስከረም ጀምሮ በዚህ ሥርዓት የተጓዝን ጥቂት ባልደረቦች አለን። በመጀመሪያው ወር ትንፋሽ ያጥረን ነበር። በሦስተኛው ወር ግን እንቅልፋችን ጠለቀ፤ የቢሮውን ደረጃ ስንወጣ ግድግዳ መደገፍ ቀረ። ክብደታችን ብዙ አልቀነሰም፤ ይህም ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም፤ ልብ የሚጠነክረው ቀበቶ ከመላላቱ በፊት ነውና።

ስለ ጾም የሚጠይቁን አሉ። በጾም ቀን ውኃም ሆነ ምግብ ሳይቀምሱ ረጅም ጉዞ መንዳት አይመከርም፤ ቀለል ያለው ጉዞ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢደረግ ይሻላል። ለስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን ሲንቀሳቀስ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ጾሙ ሰውን ለመጉዳት የተሠራ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዳገቱ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። «ሽማግሌው ልጅ ሆነ»፣ «መኪና ተወስዶበት ይሆን?»፣ «ዲያቆን ሆኖ!» ይባላል። ለእኅቶቻችን ደግሞ ወሬው ይበረታል፤ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ የሚነዳ የሴት ብስክሌት መኖሩን ብዙዎች አያውቁምና። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎችን ከመኪና ነፃ ማድረግ ስትጀምር አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር አስፋልት ላይ ሲንቀሳቀሱ ታዩ፤ እየቆየም መደነቁ ቀረ። ይሉኝታን የሚያሸንፈው መብዛት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳ ይሳቅበታል፤ ዐሥር ሰዎች ሲነዱ ልማድ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየቢሮአችንና በየአጥቢያው ቅጥር ግቢ ብስክሌት በደኅና የሚቆምበት ጥላ ያለው ስፍራ ይኑር። ሁለተኛ፣ መግዛት የማንችል ባልደረቦች በሦስትና በአራት ሆነን በዕቁብ አንድ ብስክሌት እንግዛ፤ ተራ ይዘንም እንንዳ። ሦስተኛ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም. የዓለም የብስክሌት ቀን ብሎ የሰየመው ግንቦት 26 ሲደርስ፣ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረን ዕድሜው ከዐርባ ዓመት ያለፈ ሁሉ የደም ግፊቱን የሚለካበት ቀን እናድርገው። ወድቀን ከማወቅ ቆመን ማወቅ ይሻላል።

ወገኖቻችን፣ የልማት ሥራ ዓመታትን ይጠይቃል። ዛሬ የተከልነው ችግኝ ጥላ የሚሆነው፣ ያስተማርነው ሕፃን ለወገን የሚደርሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያን ቀን በሕይወትና በጤና ለማየት፣ የረሳውን ልባችንን በትዕግሥት እናስታውሰው። ከነገ ጀምሮ 15 ደቂቃ፣ በሜዳው፣ ቀስ ብለን።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን፣ ለሁላችን ጤናውን ይስጥልን። አሜን።