የውሃ ዝውውር በአነስተኛ የኮራል ገንዳ



ኮራል መልኩ ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ከተጣበቀበት ስለማይነቃነቅ ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውንም የሚወስድለት የውሃው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በመስተዋት ገንዳ ኮራል የሚያኖር ሰው ለብርሃንና ለጨው መጠን የሚጠነቀቀውን ያህል ለውሃው ዝውውርም ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ውሃ ሲረጋ የኮራሉን ገላ ስስ የውሃ ሽፋን ይከበዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በግልጽ እንዳስረዳው፣ በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች በቀን የሚያመነጩት ኦክስጅን በዚህ ሽፋን ታግዶ ሲከማች ምግብ መሥራታቸውን ያዳክመዋል፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ ግን ተጠርጎ ይወጣል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ኮራሉ ራሱ ኦክስጅን ፈላጊ ይሆናል። እንግዲህ ፓምፑን ሌሊት ማጥፋት ቁጠባ ሳይሆን ጥፋት ነው።

መጠኑስ? 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ በሰዓት 2000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ፣ ይኸውም 20 እጥፍ፣ የተለመደ መነሻ ነው። ሆኖም ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከአንድ አፍ የሚወጣ ብርቱ ጅረት በቅርብ ያለውን ኮራል ሥጋውን ከአጽሙ ይገፈዋል፤ ማዕዘኑን ግን እንደ ኩሬ ረግቶ ይተወዋል። ስለሆነም ሁለት አነስተኛ ፓምፖችን በተቃራኒ ጎን አኑሮ በየተራ ማሠራት ይመረጣል።

የኮራሉ ጣቶች ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዙ፣ አሸዋውም ባይነሣ፣ መጠኑ ደኅና ነው። ወደ አንድ ጎን ተጋድመው ቢቀሩ የፓምፑ አፍ ይዙር። ብዙው ኮራል በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነውና፣ በአንድ ሌሊት ቸልታ የሚጠፋው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው።