የልምምድ ንድፍና የነዳፊው መብት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በብረት ላይ በእጅ የመቅረጽ ሙያ በመቅዳት የሚለመድ ሙያ ነው። ጀማሪው ሌላ ሰው የነደፈውን ሐረግ በስስ ወረቀት ያነሣል፤ በመዳብ ዝርግ ላይ ያሳርፋል፤ ዝርጉንም አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ እያዞረ መስመሩን በመቅረጫው ይከተላል። ኩርባ ሲቀረጽ እጅ ሳይሆን ዝርጉ መዞር እንዳለበት፣ ጥላ የሚሰጡት ጭረቶችም ከየት ጀምረው የት ላይ እንደሚሳሱ የሚገባው ይህንኑ ደጋግሞ ሲሠራ ነው። እንግዲህ መቅዳት የትምህርቱ በር ከሆነ፣ በደል የሚሆነው መቼ ነው? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የኑረምበርጉ አልብረኽት ዱረር (1471–1528 እ.ኤ.አ.) በወርቅ አንጥረኛው አባቱ ቤት ሙያ የተማረ ሰው ነበር። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለ ኢጣሊያዊ ቀራጭ የዱረርን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ከነስም ምልክታቸው በመዳብ ላይ ቀዳ። የሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ እንደተረከው፣ ዱረር ቬኒስ ላይ አቤት ብሎ ያገኘው ፍርድ ማርካንቶኒዮ ምልክቱን እንዳይጠቀም የሚከለክል ብቻ ነበር። ስሙ ተጠበቀለት፤ ድካሙ ግን አልተጠበቀለትም።

የቀራጭ ድካም በእንግሊዝ አገር ሕግ ያገኘው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ዊልያም ሆጋርዝ በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ ከአንድ የብር ዕቃ ቀራጭ ዘንድ ሙያ የተማረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 ስድስት ተከታታይ ሥዕሎችን ቀርጾ ቢያወጣ፣ ሌሎች አታሚዎች እየቀዱ በርካሽ ቸበቸቧቸው። ሆጋርዝም ከባልደረቦቹ ጋር ለፓርላማ አቤቱታ አቀረበ፤ በ1735 የወጣው የቀራጮች ሕግም ሥዕሉ ከታተመበት ቀን ጀምሮ 14 ዓመት የሚጸና መብት ሰጠ። ሆጋርዝ ስምንት ሥዕሎች ያሉትን አዲስ ሥራውን ሕጉ እስኪጸና ድረስ ሳያወጣ አቆየው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ይኸው ሰው የዚያኑ ሥራ አነስተኛና ርካሽ ቅጂ ሌላ አታሚ እንዲያወጣ ራሱ መፍቀዱ ነው። የተቃወመው መቅዳትን ሳይሆን ያለ ፈቃድ መቅዳትን ነበር።

በአንጻሩ፣ ለመቀዳት ተብለው የተዘጋጁ ንድፎች ጥንትም ነበሩ። ፈረንሳዊው ዣን ቤሬን እ.ኤ.አ. በ1659 ለጠመንጃ ሠሪዎች የሚያገለግሉ የጌጥ ንድፎችን አሳትሟል። በኢትዮጵያም የጥንት የብራና መጻሕፍት ሐረግ የጋራ ቅርስ ነው። ጀማሪ በእነዚህ ያለ ሥጋት ሊለማመድባቸው ይችላል። ዛሬ ያለ ባለሙያ ከጥንቱ ሐረግ ተነሥቶ አዲስ አድርጎ የነደፈው ግን የራሱ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ቅርጽን ከሚጠበቁት የሥነ ጥበብ ሥራዎች ጋር ይቈጥራል። የታተመን ሥራ አንድ ቅጂ ለግል መጠቀሚያ ማዘጋጀት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ ለማስተማር መቅዳትም ምንጩና የባለሥራው ስም እየተጠቀሰ በልክ ይፈቀዳል። አባዝቶ መሸጥ ግን የባለመብቱ ድርሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አስቸጋሪ አይደለም። የልምምድ ዝርግ ከመሥሪያው ጠረጴዛ እስካልወጣ ድረስ ትምህርት ነው፤ ለገበያ ሲቀርብ ወይም የተለማማጁ ስም ብቻ ሲሰፍርበት ጠባዩን ይለውጣል። ስለዚህ ንድፉን የሚያካፍል ባለሙያ በወረቀቱ ጥግ ስሙንና ዓመቱን፣ ለልምምድ ብቻ ወይስ ለሽያጭም እንደ ፈቀደ ቢጽፍበት ክርክር አይነሣም። ተቀባዩም በዝርጉ ጀርባ የነዳፊውን ስም ይጻፍ፤ ሌላ ሰው ንድፉን ሲለምነው ከማባዛት ይልቅ ወደ ባለቤቱ ይምራው። የሌላ ባለሙያ ያለቀ ሥራ ፎቶግራፍ መገኘቱም ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ እንዳይመስል። አንድን ንድፍ ለመፍጠር ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ለመቅዳት ግን አንድ ቀን ይበቃል። ንድፉ በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ ያየ መምህር ሁለተኛ የንድፍ መዝገቡን አይከፍትም። የሚጐዳውም በዳዩ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ንጹሕ ተማሪ ነው። ሙያም እንዲህ እየተደበቀ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ የተቀዳ ንድፍ ተማሪውን ያሠለጥነዋል እንጂ አያስመሰግነውም። የሚያስመሰግነው፣ ሐረጉ በምን ስልት እንደሚጠማዘዝ ከተረዳ በኋላ የሌላውን ወረቀት አጥፎ በራሱ እጅ የሚነድፈው የመጀመሪያው ሐረግ ነው። ያን ዕለት ስሙ በሥራው ላይ እንዲከበርለት የሚመኝ ሁሉ፣ ዛሬ የሌላውን ስም በማክበር ይጀምር።