ድምፁ ከግቢ አይለፍ

በዓል ሲደርስ፣ የልደት ወይም የምርቃት ድግስ ሲኖር፣ ብዙ ቤት የሳሎኑ ስፒከር ወደ በረንዳ ይወጣና ድምፁ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። አጠገቡ የተቀመጠ እንግዳ ጆሮውን ይይዛል፤ ግቢው ጥግ ያለው ዘፈኑን በቅጡ አይሰማም፤ ለጎረቤት ደግሞ የሚደርሰው ምቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በግቢ ውስጥ ስፒከር ተክሎ ስለማኖር እናውጋ።

ደጅ ላይ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳና ጣሪያ የለም። በተራራቅን ቁጥር ይዳከማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይህን በጉልበት ላሸንፍ ያለ ሰው ትልቅ ሞንታርቦ ይገዛል። እኔ ለመኖሪያ ግቢ አልመክረውም። ሁለት ወይም አራት ትናንሽ ስፒከሮች ሰው ከሚቀመጥበት አጠገብ ተሰቅለው፣ ድምፃቸው ዝቅ ቢል ሁሉም እኩል ይሰማል፤ እንግዳም ሳይጮህ ይጫወታል።

የሳሎኑን ስፒከር ግን ውጭ አትስቀሉት፤ ወረቀት ያለበት ስፒከር አንድ ክረምት አይሻገርም። ለደጅ የተሠራ፣ ለምሳሌ አይፒ 65 የሚል ምልክት ያለው፣ አቧራና የውሃ ርጭት ይችላል። እሱንም ቢሆን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጉት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ትራፓኖው ቶሎ ያልፈዋል፤ ከበድ ያለውን ስፒከር በፊሸር ኮለኑ ላይ እሰሩት።

ዋናው ጣጣ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 20 ሜትር ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 40 ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት ከ1 ኦም በላይ ይቋቋማል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ለድምፅ ከከፈላችሁበት ኃይል ቀላል የማይባለው ክፍል ገመዱን ሲያሞቅ ይቀራል። 1.5 ብትጠቀሙ ተቃውሞው ከግማሽ ኦም በታች ይወርዳል፤ ከዚያ ለራቀ ቦታ 2.5 ግዙ። በሁለት ስፒከር መካከል ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተለዋወጠ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሰው ግን ስፒከሩን ይወቅሳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲገናኙ ደግሞ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትቀጥሉ፤ 4 ኦም የማይችል ከሆነ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ ከ220 ቮልት መስመር ጋር ግን በአንድ ቱቦ አታስገቡ። የኤሌክትሪኩን መስመር መንካት ካስፈለገ ባለሙያ ጥሩ። ደጅ ላይ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ዝናብ ይገባበትና ይዝጋል፤ የሚቻል ከሆነ ሳይቀጠል አንድ ወጥ ገመድ ይዘርጋ። ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። ነጎድጓድ ሲመጣ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ወደ ውጭ የሚሄደውንም ገመድ ፍቱ።

ቱቦውን ከመቅበራችሁ በፊት እያንዳንዱን ስፒከር ለየብቻ ሞክሩ። በመጨረሻም ከአጥሩ ውጭ ወጥታችሁ አዳምጡ። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም የሚመለከት ሕግ ነው፤ ከሕጉ በፊት ግን በአጥሩ ማዶ የታመመ ሰው አለ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አለ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጥበቃ አለ። ዘፈኑ እነሱ ዘንድ ጎልቶ ከተሰማ፣ እባካችሁ ተመልሳችሁ ቀንሱት።