ስለ ዲናሞ ቮልትና ፍጥነት ስሌት
ለምሕንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በፈተና ወረቀት ላይ ቀላል፣ ወንዝ ዳር ግን አስቸጋሪ ስለሚሆን አንድ ሒሳብ ነው። አንዳንዶቻችን ከመጣንበት አገር ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ አለ። እህል በማይፈጭበት በማታው ጊዜ ያንኑ ዘንግ ከዲናሞ ጋር አያይዞ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው መብራት ለመስጠት የሚያስብ ሰው፣ ዲናሞው በስንት ዙር ስንት ቮልት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ገንዘቡን የሚያዋጣው የመንደሩ ሕዝብ ነውና የስሌቱ ጉድለትም የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው። ተለዋዋጭ ጅረት በነገሠበት ዘመን ስለ ቀጥታ ጅረት ዲናሞ መናገር የኋሊት መሄድ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ባትሪ ግን ዛሬም የሚሞላው በቀጥታ ጅረት ነው።

መሠረቱ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ነው፤ ይኸውም ሽቦ የማግኔትን መስክ ሲያቋርጥ ቮልት ይፈጠርበታል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። የዋልታዎቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ዋልታ የማግኔት ፍሰት በዌበር፣ በአርማቹሩ ላይ ያሉትን ሽቦዎች ቁጥርና በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ካባዙ በኋላ፣ በ60 እና ጅረቱ በሚከፋፈልባቸው መንገዶች ቁጥር ማካፈል ነው።

እንግዲህ 4 ዋልታ፣ 0.01 ዌበር ፍሰትና 1320 ሽቦ ያለው፣ በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞር ዲናሞ አለን እንበል። ላፕ በሚባለው አጠቃለል የተጠቀለለ እንደሆነ መንገዶቹ እንደ ዋልታዎቹ 4 ናቸውና ቮልቱ 220 ይሆናል። ዌቭ በሚባለው የተጠቀለለ እንደሆነ ግን መንገዶቹ 2 ብቻ ስለሆኑ፣ ያው ብረት፣ ያው ሽቦ፣ ያው ፍጥነት 440 ቮልት ይሰጣል። አሮጌ ዲናሞ ገዝቶ አጠቃለሉን ሳይመረምር አምፖል የሚሰቅል ሰው፣ አምፖሎቹን ሁሉ በአንድ ማታ ሊያቃጥላቸው ይችላል።

የእኛ ላፕ ይሁን። 220 ያልነው ግን ውስጡ የሚፈጠረው ነው እንጂ አምፖሉ የሚያገኘው አይደለም። ለመንደሩ 10 አምፔር እንስጥ፤ ይህም ባለ 40 ዋት 55 አምፖል ያበራል። የማግኔቱ ጥቅልል 440 ኦም ስለሆነ 0.5 አምፔር ለራሱ ይወስዳል፤ በአርማቹሩ የሚያልፈው እንግዲህ 10.5 አምፔር ነው። የአርማቹሩ ሬዚስታንስ 1 ኦም ከሆነ 10.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ውጭ 220 እንዲደርስ ውስጥ 230.5 መፈጠር አለበት፤ ፍጥነቱም ወደ 1048 ዙር ከፍ ማለት ይኖርበታል። የአርማቹሩ ጅረት ፍሰቱን ጥቂት ስለሚያዳክመው በተግባር ከዚህም ትንሽ ይበልጣል።

የወፍጮው ዘንግ በደቂቃ 150 ጊዜ ቢዞር፣ የዲናሞውም ፑሌጃ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በዘንጉ ላይ የሚገባ ባለ 70 ሳንቲሜትር ፑሌጃ 1050 ዙር ይሰጣል። በወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ከመቶ 4 እጅ ቢንሸራተት የሚቀረው 1008 ነው። ፑሌጃውን 73 ብናደርገው 1051 እናገኛለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በበጋ ወንዙ ጎድሎ ዲናሞው በ500 ዙር ቢዞር ስንት ቮልት ይሰጣል? ሕጉን የሸመደደ ሁሉ ፈጥኖ 110 ይላል። ይህ መልስ ትክክል የሚሆነው ማግኔቱ ጅረቱን ከባትሪ የሚያገኝ ሲሆን ብቻ ነው። የእኛ ዲናሞ ግን ማግኔቱን የሚመግበው ራሱ በሚፈጥረው ቮልት ነው። ይህን ብልሃት ቬርነር ዚመንስ በጀርመን፣ ዊትስቶንና ቫርሊ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1866 እና በ1867 በየፊናቸው ደርሰውበታል። በብረቱ ላይ የቀረችው ጥቂት ማግኔት ጥቂት ቮልት ትወልዳለች፤ ያ ቮልት ማግኔቱን ያጠነክራል፤ የጠነከረውም ማግኔት ቮልቱን መልሶ ያሳድጋል።

ስለዚህ ፍጥነት ሲቀንስ ማግኔቱም አብሮ ይደክማል። ዲናሞው በ1000 ዙር ሲለካ በ0.5 አምፔር የማግኔት ጅረት 220፣ ብረቱ ገና ሳይጠግብ በ0.125 አምፔር ደግሞ 80 ቮልት ይሰጣል እንበል። በ500 ዙር ያው 0.125 አምፔር የሚፈጥረው 40 ቮልት ነው፤ ያንኑ ጅረት በ440 ኦም ውስጥ ለማሳለፍ ግን 55 ቮልት ያስፈልጋል። ገቢው ከወጪው አነሰ ማለት ነው። ቮልቱ አያድግም፤ ብረቱ ላይ ከቀረችው ማግኔት በሚገኘው በጥቂቱ ቮልት ላይ ይቆማል። መንደሩም የሚያድረው በፈዘዘ መብራት ሳይሆን በጨለማ ነው። ድንበሩ 1000ን በ55 አባዝቶ በ80 ሲያካፍሉት የሚገኘው 688 ዙር ገደማ ነው፤ ከዚህ በታች ጭነት ባይኖርም እንኳ ዲናሞው አይነሣም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ማግኔቱን ከባትሪ መመገብ ነው፤ ያን ጊዜ 110 ያለው ተማሪ እውነት ተናገረ። ሁለተኛው ለበጋ የሚሆን ባለ 146 ሳንቲሜትር ፑሌጃ ማዘጋጀት ነው። ፑሌጃ ግን ዙርን ይመልሳል እንጂ የወንዙን ኃይል አይመልስም፤ ስለዚህ ከ55ቱ አምፖሎች ብዙዎቹ እስከ ክረምት መጥፋት አለባቸው። ማብሪያውም የሚዘጋው ዲናሞው ባዶውን ተነሥቶ ቮልት መለኪያው 220 ገደማ ካሳየ በኋላ ነው።

ቁጥሮቹ በሰሌዳው ላይ አሉ፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።