ከአዳማ ቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ የት ይደርሳል?

ቡናው እስኪቀርብ ብንጀምር ይሻላል። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ካልደረሳችሁ እጅ አውጡልኝ።

ስለ ቆሻሻ ላወራ የተነሣሁት ባለፈው ክረምት በአንዲት ጓደኛችን ላይ በደረሰው ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። እዚሁ ሲያትል ለዓመታት የሆቴል ክፍል እያጸዳች፣ እቁብ እየጣለች፣ አዳማ ላይ ለእናቷ ቤት ሠራች። እናቷ በገቡበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት ዝናብ የመንገዱ ዳር ቦይ ገንፍሎ ውሃው በግቢው በር ገባ። ፍራሹ፣ ጤፉ፣ ፍሪጁ ሁሉ ራሰ። እናትየው አልጋ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው፣ እሱ ላይ ተቀምጠው ነው ሌሊቱን ያነጉት።

ሲነጋ የሰፈሩ ልጆች ቦዩን ከፈቱት። ከሥር የሲሚንቶ ፍርስራሽና ድንጋይ፣ ከላይ በማዳበሪያ የታሰረ የቤት ቆሻሻ፣ ፌስታልና ሃይላንድ ወጣ። ፍርስራሹ የራሷ ቤት ሲሠራ የተረፈ ነው። ፎርማኑ ለማስጫኛ ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል፤ የተደፋው ግን ከበሯ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አይርቅም። ማዳበሪያውም እንዲሁ ነው። እናትየው በየሳምንቱ ለአንድ ባለ ጋሪ ልጅ እየከፈሉ ያስወጣሉ፤ እሱ ሲመሽ ቦዩ ውስጥ ይጥለዋል። ጓደኛችን ሁለቱንም ከፍላለች፤ ሁለቱም ተመልሶ ቤቷ ገባ።

ስትነግረኝ ያሳዘነኝ ከሁሉ በላይ ይሄ ነው፦ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ መድኃኒት ወሰድሽ ወይ፣ ውሃ መጣ ወይ፣ መብራት አለ ወይ ትላለች። ቆሻሻውን ማን እንደሚወስደው ግን ጠይቃ አታውቅም። እዚህ ካለነው ማናችን ጠይቀን እናውቃለን?

እኔ ያደግሁት አዳማ ነው። እዚህ ደግሞ የምሠራው ከየቤቱ በሚሰበሰብ የምግብና የግቢ ተረፈ ነገር ኮምፖስት በሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም አገር ነገር ትንሽ አውቃለሁ።

አዳማን የሚያውቅ ሰው ከተማዋ እንደ ሳህን ዙሪያዋን በኮረብታ ተከባ ዝርግ ሜዳ ላይ እንደተኛች ያውቃል። ኮረብታው ላይ የዘነበው ውሃ የሚወርደው ወደ ከተማው ነው። አፈሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ልል አፈር ስለሆነ ጎርፉ እያጠበ ይዞት ይመጣና ቦዩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ ቦይ ማለት እዚያ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ 220 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝብ ከዚያ ወዲህ በጣም ጨምሯል፤ ከአዲስ አበባ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ግንባታው አላባራም። ግማሹን የምንገነባው እኛ ነን ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ነፋሱንም አትርሱ። ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ መጀመሪያ የተተከሉት 51፣ ቀጥለው የመጡት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት፣ ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ያ ነፋስ ካልተከደነ ገንዳ ፌስታሉን አንሥቶ ግራር ላይ ይሰቅለዋል፤ ቀሪውን ቦይ ውስጥ ይከተዋል፣ የወደቀውንም ፍየል ይበላዋል።

አሰባሰቡ እንዴት ነው? እዚህ ከበር ላይ መኪና ነው የሚያነሣው። እዚያ ሁለት እጅ አለው። የመጀመሪያውን የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ናቸው፤ በእጅ ጋሪ ወይም በአህያ ጋሪ ከየቤቱ ሰብስበው እስከ ገንዳው ያደርሱታል። ከገንዳው እስከ መጣያው ያለው የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሥራ ነው። ገንዳው ሞልቶ መኪናው ከዘገየ ማኅበሩ የሚያራግፍበት የለውም፤ ስለዚህ ሰፈር ሳይመጣ ይቀራል። ባለ ጋሪው ልጅ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ርካሽ ነው፣ በተጠራ ሰዓት ይመጣል፣ እናቶቻችን ደግሞ ያዝኑለታል። እኔም ልጁን አልወቅሰውም፤ ወደ ገንዳው ቢሄድ የማኅበሩ ሰዎች ያባርሩታል፤ መጣያው ደግሞ ለአንድ ጋሪ ሩቅ ነው። የት እንዲጥለው ጠብቀን ነበር?

ጥያቄ አለ። ከኋላ ላልሰማችሁ ልድገመው፦ «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ትክክለኛውን ማኅበር በምን ትለያለች?» ነው ያልሽው እህቴ። አንደኛ፣ የማኅበሩ ሠራተኛ መታወቂያ አለው፤ ለከፈሉበትም ደረሰኝ ይሰጣል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ቆሻሻውን የት እንደጣለው የሚጠይቀው የለም። ሁለተኛ፣ ቀበሌ ሄዶ «የእኛን ሰፈር የያዘው ማኅበር የትኛው ነው፣ በየትኛው ቀን ያነሣል» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለእናትሽ ከከበዳት የጎረቤት ልጅ ይሂድላት። አንድ ነገር ልጨምር፦ የማንሻው ቀን ማስታወቂያም ደረሰኙም የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቀኑ ተቀይሮ ሳያውቁ ማዳበሪያውን በር ላይ አውጥተው ውሻ ይበትነዋል። ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ አድርጉ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያነብ ሰው ሞልቷል።

ጋሼ፣ የእርስዎን ሰምቻለሁ፤ «ቦታ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?» ነው ያሉት። ይሄ የሚያስፈራኝ ጥያቄ ነው። ርካሽ ቦታ ብዙውን ጊዜ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ወይ የውሃ መውረጃ ነው፣ ወይ መጣያ አጠገብ ነው። ደላላው የሚያሳይዎት በጥር ነው፤ በጥር ሁሉም ቦታ ደረቅ ነው። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ በዘነበ ማግስት፣ የሚያምኑትን ሰው ይላኩና የጎረቤት ግንብ ላይ ውሃው የተወውን ምልክት ይይ። ጎረቤቱንም ይጠይቅ፤ ጎረቤት አይዋሽም፤ እሱ ቦታውን አይሸጥምና።

መጣያ አጠገብ ስል ደግሞ ቆሼን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት አዲስ አበባ ረጲ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቆሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲቆለልበት የኖረ ቦታ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ ምትክ ተከፍቶ ነበር፤ ሽታውና ፍሳሹ እርሻችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ያሉት የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹን እረዳቸዋለሁ፤ የሌላ ከተማ ቆሻሻ እርሻው ላይ እንዲፈስበት የሚፈልግ የለም። ግን ውጤቱን አየነው። የትልቁ ከተማ ነገር ይሄ ከሆነ፣ በፍጥነት እየሰፋ ላለ እንደ አዳማ፣ ሞጆ፣ ሻሸመኔ ላለ ከተማ ዛሬ ዳር የሆነው መጣያ ነገ መሀል ሰፈር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ ቦታው ከመጣያው ምን ያህል እንደሚርቅ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በፕላኑ ላይ ይጠይቁ።

እዚህ ጋ ደግሞ «እናቴ ግቢ ውስጥ ታቃጥለዋለች፣ ይሻላል አይደል?» ያልሽ አለሽ። አይሻልም እህቴ። ቅጠልና ወረቀት ሲነድ ጭስ ነው፤ ፕላስቲክ ሲነድ ግን ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ አመዱንም ጎመን ሥር ነው የምንበትነው። እናትሽ አስም ካላት ደግሞ በገዛ እጇ ነው የምትታፈነው። እንድታቃጥል ያደረጋት ለማንሣት የሚመጣ ሰው አለመኖሩ ነውና፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ብዙዎቻችሁ ዝም ብላችሁ የቆያችሁበትን ልንገራችሁ፤ ሻይ ላይ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠይቀውኛልና። ኢንሱሊን የሚወጉ ወላጆች አሉን። እኛው ነን መርፌውን በሻንጣ የምንልከው። ያ መርፌ በፌስታል ተቋጥሮ ይጣላል፣ ያቺ ጓንት የሌላት የማኅበር ሴት እጇን ከታ ታነሣዋለች። ለሄፓታይተስና ለኤች አይ ቪ እያጋለጥናት ነው። መላው ከባድ አይደለም፦ የተጠቀሙበትን መርፌ ክዳኑ የሚገጥም ወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ ማጠራቀም፣ ሲሞላ ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። እባካችሁ መርፌ ስትልኩ ይህንንም ንገሯቸው። ዳይፐርም ከሌላው ለብቻ ይታሰር፤ ቦይ ውስጥ አይጣል፤ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ቱቦ ይደፍናል።

ወባም ተጠይቋል። እዚያ አካባቢ የምናውቀው ወባ የረግረግና የኩሬ ነበር። አሁን ከእስያ የመጣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል ትንኝ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ መጀመሪያ ቀብሪ ደሀር ላይ ተገኘ፣ አዋሽ ሰባትም ታይቷል፣ በ2014 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል። ይህኛው ከተማ ይወዳል። ክዳን የሌለው ሮቶ፣ በርሜል፣ የተጣለ ጎማ፣ ውሃ ያቆረ ጣሳ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ጣራ ላይ የተወረወረ ጎማና ግቢ ጥግ የተከመረ ጣሳ ካለ ለቆራሌው ይሰጥ። ብረቱን፣ ጣሳውን፣ የፕላስቲክ ዕቃውን ከእኛ ቤት አውጥቶ ወደ ማቅለጫ የሚያደርሰው ቆራሌው ነው። ሪሳይክል የምንለው ነገር አገራችን ውስጥ ያለ ማሽን ሲሠራ የኖረው በእሱ ትከሻ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ሰዓት እንደሌለኝ አይቻለሁ። ከእናቶቻችን ቤት የሚወጣው አብዛኛው ቆሻሻ የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሸንኮራ ገለባ፣ የጫት ገራባ፣ ከግቢ የተጠረገ ቅጠል። ይህ ከፌስታልና ከጠርሙስ ተለይቶ ቢቀመጥ በጋሪ የሚወጣው በጣም ይቀንሳል። ሲያትል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ምግብን ከቆሻሻ ጋር መጣል ከልክላለች፤ ሁላችንም ለይተን እናወጣለን፣ ማንም አልሞተም። እኛም አገር በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። በ2017 ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። በተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም ድጋፍ በስድስት ከተሞች የኮምፖስት ሥራ ሲጀመር አዳማና ቢሾፍቱም ተካተው ነበር። ግን ከሥራዬ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ኮምፖስት የሚበላሸው ጓዳ ውስጥ ነው። የተሰበረ ብርጭቆና የሬዲዮ ድንጋይ የገባበትን ኮምፖስት ማንም ገበሬ ማሳው ላይ አይበትንም።

ግቢ ላላቸው ወላጆች ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ጥላ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈር። አንድ ተርታ ልጣጭ፣ አንድ ተርታ ደረቅ ቅጠል፣ ከላይ ስስ አፈር። የአዳማ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋልና የዕቃ እጣቢ ውሃ ያለ ሳሙና ይፍሰስበት። አመድ ይነስ፤ ሥጋና አጥንት አይግባ፣ ውሻና አይጥ ይጠራል። የገራባው እንጨት ተሰብሮ ይግባ። በየሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ ነው፤ በሦስት በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ለፓፓያውና ለጎመኑ ከዚህ የተሻለ የለም።

የመጨረሻ ጥያቄ። «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ብለሃል ወንድሜ። ገንዳውን በጊዜ ማንሣት፣ ቦዩን መጥረግ፣ መጣያውን በአጥር መከለልና በአፈር መሸፈን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው፤ ይህን መጠየቅም መብታችን ነው። የፎርማናችን ፍርስራሽ ግን የእኛ ነው። ስለዚህ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ከፎርማኑ ጋር ስትዋዋሉ የፍርስራሹ ማስወገጃ ለብቻው ይጻፍ፤ መኪናው መጣያው ላይ ሲያራግፍ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ ይቆይ።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱ፣ መቂ ቤተሰብ ያላችሁ ስማችሁንና ሰፈራችሁን ጻፉ፤ በሰፈር ተሰባስበን ለማኅበሮቹ ጓንትና ቦት ጫማ መግዣ እናዋጣለን። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ለቤተሰባችሁ ደውሉና ቆሻሻውን ማን እንደሚወስደው፣ ደረሰኝ እንዳለና ከበሩ ፊት ያለው ቦይ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።